ሪሞቱ በማን እጅ ይሁን?

በዓል ባለፈ በሳምንቱ የእኔ በር መንኳኳት ይጀምራል። ገናም ይሁን ፋሲካ ወይም እንቁጣጣሽ፣ የሚያንኳኩት ሰዎች ይዘውት የሚመጡት ነገር አንድ ነው፤ ፌስታል። ፌስታሉ ውስጥ አንድ ጎማው የወለቀ ወይም ጭራሽ አልንቀሳቀስ ያለ፣ ቀለሙ ግን ገና ያልደበዘዘ የልጅ መኪና አለ። «ጋሼ፣ ሁለት ቀን ሠርቶ ቆመ፤ እስኪ ይዩልኝ» ይሉኛል። ሠላሳ ዓመት ሬዲዮና ቴፕ ስጠግን የኖርኩ ሰው ነኝ። ሱቄን ከዘጋሁ ቆይቻለሁ፤ ሰፈሩ ግን መዝጋቴን እስካሁን አልተቀበለኝም።

እውነቱን ለመናገር ከሚመጡልኝ መኪኖች ብዙዎቹ የተበላሹ አይደሉም። የአንዱ ድንጋዩ አልቆ ነው። የሌላው የኋላ ጎማ ላይ የምንጣፍ ክርና የእህቱ ፀጉር ተጠምጥሞ ነው። አንዳንዱ ደግሞ ምንም አይገኝበትም፤ ልጁ ሊነዳው ስላልቻለ ግድግዳ ግድግዳውን ሲመታበት ሰልችቶት የተወው ነው። ታዲያ ለሚያመጡልኝ ወላጆች ሁሉ አንድ ጥያቄ አቀርባለሁ፤ «ቤት ውስጥ ይኼን መኪና የሚነዳው ማን ነው?» አባትየው ይስቃል። እናትየው ወደ አባትየው ታያለች። መልሱ እዚያው ይገኛል።

ለትንሽ ልጅ የመጀመሪያውን የሪሞት መኪና ስንገዛ ዋጋውን እናያለን፤ መልኩን እናያለን፤ የካርቶኑን ትልቅነት እናያለን። ልጁ ሪሞቱን በገዛ እጁ ይዞ፣ ባለው ቤትና ባለው ደጅ፣ ብቻውን ሊነዳው ይችላል ወይ ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። እኔ እንደሚመስለኝ ሌላው ሁሉ ከዚህ ጥያቄ በኋላ የሚመጣ ነው።

ጉዳዩ ከሰው ቤት ወደ እኔ ቤት የገባው የልጅ ልጄ አራት ዓመት ሊሞላው ሲል ነው። ማሙሽ የሚያድገው ከእኔና ከባለቤቴ ጋር ነው። እናቱ፣ ልጄ፣ ዓረብ አገር በሰው ቤት ትሠራለች፤ ከሄደች ሁለት ዓመት አልፏታል። አርብ አርብ ማታ በቪዲዮ ትደውላለች። ማሙሽ ስልኩን ይዞ ቤቱን ሁሉ ያዞራታል፤ አዲሱን ጫማውን፣ ድመቷን፣ የአያቱን ጀበና ያሳያታል። ከዚያ ይሰለቸውና ስልኩን ምንጣፍ ላይ ጥሎት ይሄዳል። እሷም እኛ እስክናነሣው ድረስ ጣሪያችንን እያየች ትቆያለች።

ልደቱ ሦስት ሳምንት ሲቀረው «አባዬ፣ የሪሞት መኪና ግዛለት፤ ብሩን ልኬያለሁ» አለችኝ። የላከችው ብር ለአንድ አሻንጉሊት ብዙ ነበር። አስከትላም የምትሠራበት ቤት ልጆች የያዙትን መኪና ፎቶ ላከችልኝ፤ ጎማው የእኔን መዳፍ የሚያክል፣ አሸዋ ላይ እየዘለለ የሚሄድ ነው። «እንደዚህ ያለውን ነው የምፈልገው። የዚህን መኪና አቧራ በየቀኑ የምጠርገው እኔ ነኝ። የእኔ ልጅ ከማን ያንሳል?» አለች።

ለዚህ ምን ይመለሳል? የሰው ልጅ መጫወቻ ስትጠርግ ውላ የራሷን ልጅ በስልክ የምታይ እናት «ውድ ነው፤ ለእሱ ይበዛበታል» ብትባል፣ የምትሰማው «ልጅሽ አይገባውም» የሚል ነው። ስለዚህ ዋጋውን አላነሣሁም። «የዚያ ቤት ልጅ ስንት ዓመቱ ነው?» ብዬ ጠየቅኋት። «አሥራ አምስት» አለች። «ማሙሽ ገና አራቱ ነው። ይኼን ብንገዛለት የሚነዳው አጎቱ ነው፤ እሱ ቆሞ ያያል። አንቺ የፈለግሽው እንዲያይ ነው ወይስ እንዲነዳ?» አልኳት። ዝም አለች። ቆይታ «እንዲነዳ» አለች። «እንግዲያው ምርጫውን ለእኔ ተይው» አልኳት። ተወችልኝ፤ በሙሉ ልቧ እንዳልሆነ ግን ከድምፅዋ ያስታውቅ ነበር።

እዚህ ላይ ስለ ዕቃው ጥቂት ላጫውታችሁ። ነገሩ የዛሬ ፈጠራ አይደለም። ኒኮላ ቴስላ በ1898 (እ.ኤ.አ.) ኒው ዮርክ ውስጥ በማዲሰን ስኩዌር ጋርደን አዳራሽ፣ ገንዳ ውኃ ላይ የተንሳፈፈች ትንሽ ጀልባ ያለ ሽቦ፣ በሬዲዮ ሞገድ ብቻ እያዘዘ ለሕዝብ አሳይቶ ነበር። ዛሬ ሕፃን እጅ ላይ የምናየው ሪሞት የዚያች ጀልባ የልጅ ልጅ ነው። ቁልፉ ሲጫን ሪሞቱ ምልክት ይልካል፤ መኪናው ውስጥ ያለው መቀበያ ምልክቱን ተቀብሎ እኛ ዲናሞ የምንላትን ትንሽ ሞተር ያስነሣል፤ ዲናሞዋ ጥርሳጥርሶቹን፣ ጥርሳጥርሶቹም ጎማውን ያዞራሉ።

እኛም ብንሆን የራሳችን ነበረን። በእኔ ዕድሜ ያላችሁ የሽቦ መኪናን አትረሱትም። ሽቦ አጣጥፈን አካሉን እንሠራለን፤ ቆርኪ ወይም የጫማ ቀለም ቆርቆሮ ጎማ እናደርግለታለን፤ ከፊት ጎማው ጀምሮ ደረታችን ድረስ የሚደርስ ረጅም ሽቦ መሪ እናወጣለታለን። መሪውን ወደ ቀኝ ስናዞር መኪናው ወደ ቀኝ ይታጠፋል፤ እኛም ከኋላው እንሮጣለን። ያ መኪና ሁለት ትልልቅ ነገሮች ነበሩት። አንደኛ፣ ነጂው ሁልጊዜ ከመኪናው ኋላ ስለሆነ የእሱ ቀኝ የመኪናውም ቀኝ ነው። ሁለተኛ፣ ሲሰበር ልጁ ራሱ ይጠግነዋል። እኔ ለማሙሽ ልገዛ የወጣሁት፣ በአጭሩ፣ ድንጋይ የሚበላ የሽቦ መኪና ነው።

መጀመሪያ የማየው ፍጥነቱን ነው። ለአራት ዓመት ልጅ የሚሆነው መኪና ልጁ በእርምጃ ወይም በሶምሶማ ሊከተለው የሚችለው ነው። ከዚያ በላይ ከፈጠነ፣ ልጁ ቁልፉን ልልቀቅ ብሎ ሳያስብ መኪናው ግድግዳው ጋ ደርሷል። ካርቶኑ ላይ በሰዓት 20 ወይም 30 ኪሎ ሜትር ይሄዳል የሚል ካያችሁ ለትልልቆች የተሠራ ነው፤ ከእነዚህ ብዙዎቹ ላይ «ከ14 ዓመት በላይ» የሚል ጽሑፍ ይገኛል። በዚያ ፍጥነት የሚመጣ ከባድ መኪና የሕፃን ቁርጭምጭሚት ላይ ቢያርፍ ጨዋታው በለቅሶ ያበቃል።

ቀጥሎ መጠኑ ነው። ካርቶኑ ላይ 1፡10፣ 1፡16፣ 1፡24 የሚሉ ቁጥሮች ታያላችሁ። መኪናው ከእውነተኛው ስንት እጅ እንደሚያንስ የሚናገሩ ናቸው። አራት ሜትር ተኩል የሚረዝም የቤት መኪና በ1፡10 ሲሠራ 45 ሳንቲ ሜትር፣ በ1፡16 ሲሠራ 28 ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ በ1፡24 ሲሠራ ደግሞ 19 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። የኋለኛው ቁጥር ሲያድግ መኪናው ያንሳል ማለት ነው። ለትንሽ ልጅ ከ1፡16 እስከ 1፡24 ያለው ይመቻል፤ በሁለት እጁ አንሥቶ ሊሸከመው ይችላል፤ ሶፋ ሥር ገብቶም አይጠፋበትም።

ሦስተኛው መሬቱ ነው። ይህን ሻጭ አይነግራችሁም፤ የምታውቁት እናንተ ናችሁ። እኛ የምንኖረው ኮንዶሚኒየም ነው። ቤት ውስጥ ምንጣፍ አለ፤ ኮሪደሩ ለስላሳ ነው፤ ደጁ ደግሞ ኮብልስቶን ነው። ያቺ ቀይ፣ ዝቅ ያለች፣ የውድድር መኪና የምትመስለው ኮሪደር ላይ ታምራለች፤ ኮብልስቶን ላይ ግን ሆዷ ይያዝና ጎማዋ በከንቱ ይሽከረከራል። ደጅ ለሚጫወት ልጅ ጎማው ትልልቅና ላስቲክ የሆነ፣ ሆዱና መሬቱ መካከል ቢያንስ ሁለት ጣት የሚያስገባ መኪና ይሻለዋል። ጠንካራ ፕላስቲክ ጎማ ሴራሚክ ላይ ይንሸራተታል፤ ልጁ ሲያዞረው አይዞርለትም፤ ጥፋቱም የራሱ ይመስለዋል።

አራተኛው ሪሞቱ ራሱ ነው። በገበያ ላይ በብዛት የማያቸው ሦስት ዓይነት ናቸው። አንዱ ሁለት ቁልፍ ብቻ ያለው ነው፤ አንዱን ሲጫኑት ወደ ፊት ይሄዳል፤ ሌላውን ሲጫኑት ወደ ኋላ እየሄደ ይዞራል። ለሦስት ዓመት ልጅ ይኼ ይበቃዋል። ሁለተኛው ለግራ አውራ ጣት ወደ ፊትና ወደ ኋላ፣ ለቀኝ አውራ ጣት ግራና ቀኝ የተሰጠበት ነው፤ አራት ዓመት የሞላው ልጅ በጥቂት ቀን ይለምደዋል። ሦስተኛው እንደ ሽጉጥ ተይዞ ጎኑ ላይ ባለች ትንሽ መሪ የሚነዳ ነው፤ እጁ ከፍ ላለ ልጅ ጥሩ ነው፤ ለትንሽ እጅ ግን አንዱ ይይዘዋል፣ ሌላው አይደርስለትም። ስለዚህ ከመኪናው በፊት ሪሞቱን በልጁ እጅ መለካት ነው። አውራ ጣቱ ሪሞቱን ሳይለቅ ቁልፉ ላይ መድረስ አለበት።

አምስተኛው የእኔ የድሮ ሙያ ነው፤ ሞገዱ። ርካሽ ከሆኑት ብዙዎቹ በ27 ሜጋ ኸርዝ የሚሠሩ ናቸው፤ መኪናው ላይም ቀጭን ሽቦ አንቴና ይኖራቸዋል። ሁለት ወንድማማቾች፣ ወይም እናንተና ጎረቤታችሁ፣ አንድ ዓይነት ሞገድ ያላቸው ሁለት መኪኖች ከገዛችሁ በአንዱ ሪሞት ሁለቱም መኪኖች ይታዘዛሉ፤ ወይም ሁለቱም ይወላውላሉ። «ጂን ገባበት» ተብሎ የመጣልኝ መኪና ነበር፤ ጂኑ ሁለተኛ ፎቅ ያለው የጎረቤት ልጅ ነው። 2.4 ጊጋ ኸርዝ የተጻፈባቸው ግን እያንዳንዱ ከራሱ ሪሞት ጋር ስለሚጣመር አይጋጩም። ቤት ውስጥ ከአንድ ልጅ በላይ ካለ ጥቂት ጨምሮ ይኼን መግዛት ጠብ ያስቀራል። በጣም ትንንሾቹ ደግሞ እንደ ቴሌቪዥን ሪሞት በማይታይ ብርሃን የሚሠሩ ሊሆኑ ይችላሉ፤ እነሱ ፀሐይ ላይ በደንብ አይታዘዙም።

ስድስተኛው፣ ከሁሉ ይበልጥ ጠንቀቅ የሚያሰኘው፣ የሚበላው ነገር ነው። ዲናሞ ከሬዲዮ ይልቅ ድንጋይ ይጨርሳል። በርካሽ የሚሸጠው ተራ ድንጋይ ሬዲዮ ላይ ሳምንታት ቢቆይም መኪና ላይ ቶሎ ይደክማል፤ አልካላይን የሚለው ይሻላል፤ በተደጋጋሚ የሚሞላው ደግሞ ለኪስ ይበጃል። አሮጌና አዲስ አትቀላቅሉ። መኪናው ለረጅም ጊዜ የሚቀመጥ ከሆነ ድንጋዩን አውጡለት፤ ውስጡ ፈሶ ብረቱን ይበላዋል።

አብሮት ሊቲየም ባትሪ የሚመጣ ከሆነ የሚሞላው ከራሱ ጋር በመጣው ገመድ ብቻ፣ ሰው ነቅቶ ባለበት ሰዓት፣ ከምንጣፍና ከአልጋ ራቅ ብሎ ነው። በተለይ እኛ አገር አንድ ነገር አለ። ቻርጅ ላይ ሰክተነው መብራት ይጠፋል፤ እንረሳዋለን፤ እንተኛለን፤ መብራቱ ሌሊት ይመጣል። ስለዚህ መብራት ሲሄድ መንቀል ነው። ያበጠ ባትሪ ከታየ ዳግመኛ አይሞላም፤ አይወጋም፤ እሳት ውስጥ አይጣልም። ድሮ የሬዲዮ ድንጋይ ፀሐይ ላይ አስጥተን ጥቂት ቀን እናዘፍነው ነበር። ሊቲየሙን ግን ፀሐይ ላይ እንዳታስጡት፤ ሙቀት ጠላቱ ነው።

የሰዓት ድንጋይ የምንላት ትንሽ ክብ ባትሪ ደግሞ ለብቻዋ ትነገር። አንዳንድ ትንንሽ ሪሞቶች የሚሠሩት በእሷ ነው። ሕፃን ከዋጣት ጉሮሮው ላይ ተቀርቅራ በሁለት ሰዓት ውስጥ ከባድ ቃጠሎ ልታደርስ ትችላለች። መክደኛው በብሎን የማይታሰር ሪሞት ትንንሽ ልጆች ያሉበት ቤት አይግባ። ልጁ ውጧታል ብላችሁ ከጠረጠራችሁ ለማስመለስ አትሞክሩ፤ እስኪነጋ አትጠብቁ፤ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ነው። ካርቶኑ ላይ በቀይ ክብ ውስጥ የሕፃን ፊትና 0-3 የሚል ቁጥር ተሥሎ በመስመር የተሰረዘ ምልክት ካለ፣ ከሦስት ዓመት በታች ላለ ልጅ አይሆንም ማለት ነው። ልጁ ጎበዝ ስለሆነ የሚታለፍ ምልክት አይደለም፤ የሚናገረው ወልቀው ሊዋጡ ስለሚችሉ ጥቃቅን ነገሮች ነው።

ይህን ሁሉ በልቤ ይዤ፣ ኪሴ ውስጥ ካቻቢቴና አራት አዲስ ድንጋይ ጨምሬ፣ መርካቶ ወረድኩ። ባለሱቁ ልጅ ነው፤ ትሑት ነው። «አባባ፣ ይቺ ትገለበጣለች፤ ትዘፍናለች፤ መብራቷ በሰባት ቀለም ነው» አለና መሬት ላይ አስጨፈራት። እውነትም ታስቃለች። «ሲለቋት ትቆማለች?» አልኩት። «እንዴት አባባ?» አለኝ። ቁልፉን ለቀቅኩት፤ ሁለት ሜትር ያህል ተንሸራትታ ሚዛኑን መታችው። ስትገለበጥ ደግሞ ግራና ቀኟ ይምታታል። ለአሥር ዓመት ልጅ ደስ ትላለች፤ ለጀማሪ ግን አትሆንም።

ሦስት ካርቶን አስከፈትኩት፤ አልተቆጣም። እያንዳንዱን አራት ነገር ሞከርኩበት። ቁልፉ ሲለቀቅ ወዲያው ይቆማል ወይ? ቀጥ ብሎ ሲነዳ ወደ አንድ ወገን ይሳባል ወይ? (ከሆዱ በታች፣ ከፊት ጎማው አጠገብ፣ ይህን የምታስተካክል ትንሽ መቆጣጠሪያ ያላቸው አሉ፤ ፈልጓት።) ሁለት እጅ ከፍታ ላይ ሆኖ ምንጣፍ ላይ ቢወድቅ የሚወልቅ ነገር አለው ወይ? በመጨረሻም ብሎኖቹ በካቻቢቴ ይፈታሉ ወይ? ምክንያቱም በሙጫ የተጣበቀ መኪና አንድ ጊዜ ካበቃለት አበቃለት ነው፤ በብሎን የታሰረ ግን ይከፈታል፤ የተጠመጠመ ክር ይወጣለታል፤ የተላቀቀ ሽቦ ይበየድለታል። ወደ ቤት ይዤ የገባሁት ጎማው ትልልቅ፣ ቀርፋፋ፣ ሰማያዊ የጭነት መኪና ነው። ልጄ ከላከችው ብር የጠየቀው ትንሹን ክፍል ነው።

ወላጆች ብዙ ጊዜ «መማሪያ አለው እንዴ?» ብለው ይጠይቁኛል። አለው። እኛ ቤት የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ትምህርት መሄድና መቆም ብቻ ነበር፤ ከበሩ ተነሥቶ የአያቱ ምንጣፍ ጫፍ ላይ መቆም። ከዚያ መታጠፍ መጣ፤ ኮሪደሩ ላይ በጠመኔ መንገድ ሥዬለት እንደ ሽቦ መኪናው ከኋላው እየተከተለ ይነዳ ነበር። አስቸጋሪው መኪናው ፊቱን ወደ ልጁ ሲያዞር ነው። ያኔ የልጁ ቀኝ የመኪናው ግራ ይሆናል። ይህ አዋቂንም ያደናግራል፤ ለአራት ዓመት ልጅ በቃል ማስረዳት አይቻልም። መፍትሔው ቀላል ነው፤ መንገዱ መጨረሻ ላይ ሲደርስ ልጁ መኪናውን በእጁ አንሥቶ ያዙረውና ከኋላው ይቁም። በጊዜው ራሱ ይገባዋል። መኪናው እንቅፋት ሲይዘው ቁልፉን መልቀቅ እንዳለበትም ቀድሞ ይማር። ጎማው ተይዞ ዲናሞዋ ስትታገል ከፍተኛ ኤሌክትሪክ ትስባለች፤ ትግላለች፤ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ የምትሰሙት ያኔ ነው።

አንድ የቤት ሕግም አወጣን። ልጁ ካልሰጠ በቀር ሪሞቱን ከእጁ የሚወስድ የለም። ይህ ሕግ የወጣው እሁድ ዕለት አጎቱ በመጣ ጊዜ ነው። ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው፤ «ና ላሳይህ» ብሎ ተቀበለውና መመለስ ረሳ። ማሙሽ መጀመሪያ ቆሞ አየ፤ ከዚያ ተቀመጠ፤ ከዚያ ድመቷን ፍለጋ ሄደ። ባለቤቴ ከምትፈትልበት ቀና ብላ «አንተ፣ ለራስህ ግዛ!» አለችው። ቤቱ በሳቅ ሞላ፤ ሪሞቱም ተመለሰ። ላሳይህ ማለት ክፉ አይደለም። ከአንድ ደቂቃ ካለፈ ግን ጨዋታው የአዋቂው ሆኗል።

በሦስተኛው ሳምንት መኪናው ቆመ። ማሙሽ ይዞት መጣ፤ አላለቀሰም። «አባባ፣ ታሟል» አለኝ። ገልብጠን አራቱን ብሎኖች ፈታን፤ ብሎኖቹን እንዳይጠፉ የሲኒ ማስቀመጫ ላይ ደረደረልኝ። የኋላው ጎማ ዘንግ ላይ የአያቱ የጥጥ ክር ዙሪያውን ተጠምጥሞበታል። በወረንጦ እየሳበ ራሱ አወጣው፤ እኔ የያዝኩለት ባትሪ መብራት ብቻ ነው። መኪናው ሲነሣ ያየሁበትን ፊት የተገዛለት ቀን አላየሁበትም።

የዚያን ሳምንት አርብ እናቱ ስትደውል ስልኩን ምንጣፉ ላይ ከስኳር ጣሳ ጋር አስደግፎ አቆመው። ከዚያ ኮሪደሩ ጫፍ ሄዶ መኪናውን ወደ እሷ መንዳት ጀመረ። «ወደ ቀኝ! ወደ ቀኝ!» አለች። ዞረ፤ ከስልኩ ራቀ። እንደገና «ቀኝ!» ስትል እንደገና ራቀ። ፊት ለፊት ናቸውና የእሷ ቀኝ የእሱ ግራ ነው። «ቀኝ አትበይው፤ ወደ በሩ፣ ወደ ጀበናው በይው» አልኳት። «ወደ ጀበናው! አሁን ወደ አያትህ! አሁን ቀጥ ብለህ ወደ እኔ!» እያለች መራችው። መኪናው መጥቶ ጣሳውን ሲገጨው ስልኩ በአፍንጫው ተደፋ፤ ሁለቱም በአንድ ላይ ጮኹ። ዘጠኝ ጊዜ ደገሙት። በዚያ ሌሊት ጣሪያችንን አላየችም።

ከተኛ በኋላ «አባዬ፣ ትንሽ ናት ብዬ ቅር ብሎኝ ነበር» አለችኝ። የተረፈውን ብር በስሙ በቁጠባ ደብተር እንዳስቀመጥኩት ነገርኳት። «አሥር ዓመት ሲሞላው ትልቁን ግዛለት» አለች። «ያኔ እኔ አይደለሁም የምገዛው፤ አንቺና እሱ አብራችሁ ትመርጣላችሁ» አልኳት። መልስ አልሰጠችኝም፤ ከዚያን ቀን ወዲህ ግን ኮንትራቷ የሚያልቅበትን ወር ሳልጠይቃት ትነግረኛለች።

ውጭ አገር ሆናችሁ ለልጆቻችሁ ገንዘብ የምትልኩ፣ እዚህ ሆናችሁ ለልጅ ልጆቻችሁ የምትገዙ ሁሉ፣ ሱቅ ከመግባታችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ። ልጁ የት ላይ ነው የሚነዳው? እጁ ምን ያህል ነው? ሲቆም የሚከፍትለት ማን ነው? መልሱን ካገኛችሁ ከተደረደሩት መኪኖች ብዙዎቹ በራሳቸው ጊዜ ይቀነሳሉ፤ የሚቀሩት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በጣም ውዶቹ አይደሉም። ፈጣኑንና ትልቁን ለማምጣት ዓመታት አሉ። የመጀመሪያው ቀርፋፋ ይሁን፤ ልጁ ይከተለው፤ ይጋጭ፤ ይገለበጥ፤ ይከፈት። እኛም እጃችንን ሰብስበን አጠገቡ እንቀመጥ።